ከወሎ እስከ ሀርለም፤ የዶክተር መላኩ በያን ሕይወት



ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የነፃነት ትግል ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራቸው ስሞች ማርቲን ሉተር ኪንግና ማልኮም ኤክስ ናቸው። ማርከስ ጋርቬይን የሚያውቅም አይጠፋም። ነገር ግን ኪንግና ማልኮም ገና ልጆች ሳሉ፣ በኒውዮርክ ከተማ ሀርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በዓለም ላይ የተበተነውን ጥቁር ሕዝብ በአንድ ማኅበር ለማሰባሰብ የደከሙና በዚያው ድካም ላይ ሳሉ በአርባ ዓመታቸው ያረፉ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ። እኒህ ሰው ዶክተር መላኩ በያን ይባላሉ። የተወለዱትም በእኛው በወሎ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተወልደን ያደግን ወጣቶች ግን ስማቸውን የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ታሪካቸውን በዚህ ጽሑፍ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በእኛው አቆጣጠር ነው።

መላኩ በያን በሚያዝያ ወር 1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ይሁን እንጂ ወሎ ላይ ብዙ አልቆዩም። በሕፃንነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኮንን ግቢ አደጉ። በዚያን ጊዜ ልጅን ለትልቅ ሰው ቤት ሰጥቶ ማሳደግ የተለመደ ነበር፤ እንዲህ ያደገ ልጅ ሥርዓትም፣ ጽሕፈትም፣ የቤተ መንግሥት አነጋገርም ይማራል። መላኩም በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆኑት ለተፈሪ መኮንን ቅርብ ሆነው ጎለመሱ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ የተማሩ ወጣቶችን አጥብቀው ይፈልጉ ስለነበር ልጆችን እየመረጡ ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። መላኩም ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር መጀመሪያ ወደ ህንድ ተላኩ። ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረችና እዚያ ብዙ ሳይቆዩ ወደ አሜሪካ መሄድን መረጡ። በ1914 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካ ደረሱ። የገቡትም ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያም ሚሲዮን ነበራት። መላኩ በ1920 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የብዙ የዚያን ዘመን ተማሪዎች ታሪክ ነው። መላኩን ከሌላው የሚለየው ከዚህ በኋላ የመረጡት መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን አሜሪካ ምን ትመስል እንደነበር እናስታውስ። ባሪያ ፍንገላ በሕግ ከቀረ ስድሳ ዓመት ቢያልፍም፣ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በባቡር አብረው አይቀመጡም፣ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም። ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚሞትበት ጊዜ ነበር። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንም ከዚህ መለየት የጸዳች አልነበረችም። ታዲያ ከአፍሪካ የመጣ፣ ከቤተ መንግሥት የተላከ፣ የራሱ ንጉሥና የራሱ ባንዲራ ያለው እንግዳ ከዚህ መከራ ማምለጫ ቀዳዳ ነበረው። ጥቁር ቢሆንም የውጭ አገር ሰው ነኝ፣ የእነዚያ የባሪያ ልጆች ወገን አይደለሁም ማለት ይችላል። እንዲህ ካለ አንዳንድ በር ይከፈትለታል። በአሜሪካ ጋዜጦችም ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ዘር አይቆጥሩም፣ ጥቁር አሜሪካውያንንም ይንቃሉ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር።

መላኩ በዚህ ቀዳዳ ማምለጥን እምቢ አሉ። የሕክምና ትምህርታቸውን ለመከታተል የመረጡት በዋሽንግተን የሚገኘውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ነው። ሃዋርድ የባርነት ጦርነት ካበቃ በኋላ የተቋቋመ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ጥቁር ሐኪሞች እጅግ ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ነው። መላኩ ከጥቁር ተማሪዎች ጋር አብረው በልተው፣ አብረው አድረው፣ በተለየው መንገድ አብረው ሄደው ተማሩ። እንደ እኔ አስተሳሰብ በሕይወታቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነውና።

ጋብቻቸውም የዚሁ ምርጫ ክፍል ነበር። መላኩ በአገር ቤት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ልጅ ታጭተው ነበር። የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ጋብቻ ምን ያህል ነገር ይዞ እንደሚመጣ የምታውቁት ነው፤ ሹመት፣ ርስት፣ ዝምድና ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። መላኩ እጮኝነቱን አፍርሰው በ1923 ዓ.ም. ገደማ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ዶሮቲም በሃዋርድ የተማረች ነበረች። ይህ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊና ጥቁር አሜሪካዊ አንድ ሕዝብ ነው የሚለውን እምነታቸውን በቤታቸው ውስጥ ማኖራቸው ነው። ኢትዮጵያውያን ጥቁር አሜሪካውያንን ይንቃሉ ለሚለው ወሬም ከዚህ የበለጠ መልስ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም ጥቂት ማለት ይገባኛል። ወሬው ፈጽሞ ውሸት ነበር ብንል ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን በአገራችን ሰውን በመልኩ ጥቁረት ባሪያ ብሎ መስደብ የቆየ ልማድ ነው። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የሰው ፊት እንመዝናለን፤ ለሠርግም ዘር እንቆጥራለን። ባሪያ ንግድም በእኛው አገር፣ በእኛው ገበያ ሲካሄድ ኖሮ በአዋጅ የተከለከለው መላኩ ገና ተማሪ ሳሉ ነው። መላኩ ያደጉት በዚህ ልማድ ውስጥ ነበር። የታገሉትም ከነጮቹ ትዕቢት ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ወገን ንቀት ጋር ጭምር ነው። ይህን የተረዳ ሰው እጮኝነቱን ማፍረሳቸውን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

በሃዋርድ ሳሉ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ከተባሉ መምህር ጋር ተወዳጁ። ሃንስበሪ የጥንት አፍሪካን ታሪክ፣ ይልቁንም የኩሽንና የአክሱምን ታሪክ የሚያስተምሩ ጥቁር ምሁር ነበሩ። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ታሪክ የላትም ይባል ስለነበር እንዲህ ያለውን ትምህርት የሚቀበላቸው ጥቂት ሰው ነው። ሁለቱ ከሌሎች ጋር ሆነው በ1926 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ስለ ኢትዮጵያ እውነተኛ ዕውቀት ለጥቁር አሜሪካውያን ማድረስና በሁለቱ ሕዝቦች መካከል መተዋወቅን ማጽናት ነበር። ሃንስበሪ የልፋታቸውን ዋጋ ከኢትዮጵያ ያገኙት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ለአፍሪካ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ሲሰጣቸው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ይፈልጉ ስለነበር መላኩ ሰው የማፈላለጉንም ሥራ ያዙ። በእርሳቸው አማካይነት ከመጡት ሁሉ ስሙ የገነነው አውሮፕላን አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን ቱስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ተቋም የተማረ፣ በቺካጎ አቅራቢያ ጥቁር ወጣቶችን መብረር የሚያስተምር ሰው ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መራ። አየር ኃይል ማለት በዚያን ጊዜ መሣሪያ የሌላቸው ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ሮቢንሰን በእነዚያ መልእክትና መድኃኒት ይዞ በጠላት አውሮፕላኖች መካከል ይመላለስ ነበር። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች መብረር አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

መላኩ በ1927 ዓ.ም. የሕክምና ዶክተር ሆነው ተመረቁ። በአሜሪካ ሕክምናን ተምረው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው። ያ ዓመት ግን ለአገራችን የጨለማ ዋዜማ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሥቶ ሙሶሊኒ ለወረራ ሰበብ አግኝቶ ነበርና። መላኩ ባለቤታቸውንና ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። አሜሪካ ተቀምጠው በሰላም ሐኪም መሆን ይችሉ እንደነበር ልብ በሉ። አዲስ አበባ በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሠሩ፤ ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ከቀይ መስቀል ጋር በምሥራቅ በኩል፣ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። በዚያ ግንባር ሆክማን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ያልፈነዳ ቦምብ ሲያመክን ፈንድቶበት ሞቷል።

በዚያው ወራት የእኛ ደሴ ምን እንደደረሰባት ከአባቶቻችን ሰምተናል። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛውረው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከወልወል ግጭት ልክ ባመቱ፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ይሠሩበት የነበረው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። ብዙ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ደሴ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው በዓለም ተሰማ። ደሴ የምትባል ከተማ በካርታ ላይ የት እንዳለች የማያውቅ የሀርለም ሠራተኛ ሁሉ በዚያን ሳምንት ስሟን በጋዜጣ አነበበ። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የምንሄድበት መንገድም ከዚያ ወረራ በኋላ ኢጣልያኖች ለጦራቸው ብለው ያሠሩት የትልቁ መንገድ ክፍል ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ጦርነቱን እንደ ራሳቸው ጦርነት ነበር የቆጠሩት። ከብዙ ዘመን ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናቸው ስለ ኢትዮጵያ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረውን እያነበቡ ተስፋ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ዐድዋንም ሰምተዋል። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሀርለም ጎዳናዎች ወጥተው ጮኹ። ብዙ ወጣቶች ሊዘምቱ ተመዘገቡ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ዜጋው ለሌላ አገር ጦር እንዳይሰለፍ ይከለክላልና ቀሩ። ሳላሪያ ኪ የምትባል ጥቁር ነርስ ከጓደኞቿ ጋር ገንዘብ አሰባስባ ለኢትዮጵያ ሰባ አምስት አልጋ ያለው የጦር ሜዳ ሆስፒታል እንዲላክ አደረገች። ጦርነቱ ከመጀመሩ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ግዙፉን ኢጣልያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲዘርረው ደግሞ ሀርለም ኢትዮጵያ ድል እንዳደረገች ያህል ጨፈረች። ድሉ የስፖርት ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንዲያ አላየውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በጠላት እጅ ገባች። ከሃያ ቀን በኋላ አዲስ አበባም ተያዘች። መላኩ ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ።

በአሜሪካ የሚሰበሰበው እርዳታ በዚያን ጊዜ በብዙ ማኅበራት ተከፋፍሎ፣ ማን ምን እንደሰበሰበና የት እንደላከው የማይታወቅ ሆኖ ነበር። አንዳንዱ ማኅበር በኮሚኒስቶች ተጽዕኖ ሥር ነው፤ ሌላው ስሙ እንጂ ሥራው የለም፤ በኢትዮጵያ ስም ኪሱን የሚሞላም አልጠፋም። ስለዚህ ከሀርለም ሦስት ሰዎች ወደ ለንደን ሄደው ንጉሠ ነገሥቱ ሁሉን የሚያስተባብር ታማኝ መልእክተኛ እንዲልኩላቸው ለመኑ። ለዚህ ሥራ የተመረጡት መላኩ ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ ከውስጥ የሚያውቅ፣ ከእነርሱ ጋር የተጋባ ሌላ ሰው ከወዴት ይገኛል? በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ገቡ። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተቋቋመ።

የዚህን ማኅበር መተዳደሪያ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ማኅበሩ የተቋቋመው በኢትዮጵያውያን ስም ብቻ ወይም በአሜሪካውያን ስም ብቻ አይደለም፤ በዓለም ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ስም ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ትምህርት አለኝ የሚለው ጥቁር ሰው ኔግሮ መባልን ይመርጥ ነበር፤ ጥቁር ብሎ መጥራት ስድብ ይመስል ነበር። ጥቁር የሚለው ስም የክብር ስም ሆኖ በአሜሪካ ወጣቶች አፍ የገባው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በጥር 1930 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ ተጀመረ። መላኩ ይጽፋሉ፤ ዶሮቲም ትሠራበታለች። ጋዜጣው የአርበኞቹን ወሬ፣ የስደተኞቹን ችግር፣ የጥቁር ሕዝብን ጉዳይ ሁሉ ያትም ነበር። መላኩ ከዚህም በላይ የጥቁር ሰዎች ጉዞ የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ።

ሥራው የተመቸ አልነበረም። ለጋሾቹ ባለጠጎች አልነበሩም፤ የሰው ቤት የሚጠርጉ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ከሥራ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ዘመኑ አሜሪካ በታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ሳንቲም ለቅሞ በኬንያ፣ በሱዳንና በሌላም አገር ለተበተኑ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መላክ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ታላቁ የጥቁሮች መሪ ማርከስ ጋርቬይ ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን ትተው ወጡ፣ ለጥቁር ሕዝብም ልባቸው ቅርብ አይደለም እያለ በጋዜጣው ይነቅፋቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የጋርቬይ ወቀሳ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ለብዙ ዘመን ፊቱን ያዞረው ወደ አውሮፓ ነበር። መላኩ ለዚህ ወቀሳ የሰጡት መልስ ክርክር ሳይሆን ኑሯቸው ነው።

ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በአዳራሽና በቤተ ክርስቲያን እየተናገሩ፣ በክረምት ብርድ ገንዘብ ሲሰበስቡ በሽታ አገኛቸው። የሳንባ ምች እንደነበር ይነገራል። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒውዮርክ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዓመት ከአንድ ቀን ቀረባቸው።

ዶሮቲ ባሏ ከሞተ በኋላም የጋዜጣውን ሥራ አልተወችም። ፌዴሬሽኑ በአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ቅርንጫፍ አበጅቶ ነበር፤ በጃማይካ የተከፈተው ቅርንጫፍ ራስ ተፈሪያን ለሚባሉት ሰዎች ከኢትዮጵያ ጋር መገናኛ ድልድይ ሆነ። በግንቦት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር አሜሪካን ይጎበኙ ነበር። ግንቦት 24 ቀን ሀርለም ሄደው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። መላኩ ደጅ ለደጅ ሲዞሩበት የነበረው ሰፈር ያ ነው። ከዚያም በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በማግሥቱ ዓመት ማልኮም ኤክስ በዚያው ድርጅት አምሳል የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን አቁሞ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ የአፍሪካም ጉዳይ ነው ብሎ ለማመልከት በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ወደተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ሄደ። መላኩ በ1929 የዘሩት አሳብ ነው፤ ማልኮም ከመላኩ ይማረው ወይም ከሌላ፣ አሳቡ ያው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነቱ ጊዜ ላገኙት እርዳታ ምስጋና ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት በፌዴሬሽኑ በኩል ለምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝብ ሰጡ። ከአሜሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች ቤተሰቦች መጥተው ሰፈሩ፤ አርሰው፣ ትምህርት ቤት አቁመው፣ ልጆች ወልደው ኖሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የእነርሱም መሬት አብዛኛው ተወሰደ። ልጆቻቸው ሻሸመኔ ተወልደው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ፣ ግማሾቹም የኢትዮጵያ ሴት አግብተው ሳለ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንደ ውጭ አገር ሰው ሲቆጠሩ ኖሩ። የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የኢትዮጵያ መንግሥት የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዶክተር መላኩ ከሞቱ 77 ዓመት ሆኗቸው ነበር።